የተማሪን ጭንቀት የሚሰማው ሰው እንዴት ይሠለጥናል

ልጁን ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የላከ አባት ስለ ማደሪያው፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ገንዘቡና ስለ ብርዱ ይጠይቃል። ልጁ ያዘነ እንደ ሆነ፥ እንቅልፍ ያጣ እንደ ሆነ፥ መጽሐፉን ዘግቶ ግድግዳ የሚያይ እንደ ሆነ ግን ወደ ማን እንደሚሄድ የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። በዚያ አገር በየዩኒቨርሲቲው ለዚሁ ነገር የተለየ ቤት አለ። ስሙን በአማርኛ «ምክር ቤት» ብንለው ሕግ ከሚመከርበት ጉባኤ ጋራ ይሳከርብናልና በዚህ ጽሑፍ «የተማሪዎች መማከሪያ» እንበለው። በዚያ ተቀምጦ የተማሪውን ጭንቀት የሚሰማው ሰው ብዙ ጊዜ ትምህርቱን ፈጽሞ ያልጨረሰ፥ ነገር ግን ለመጨረስ የተቃረበ ተለማማጅ ነው። ይህን የሚሰሙ ወላጆች ይደነግጣሉ፤ «ልጄን ለጀማሪ ሰጡት ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚገባ ስለ ሆነ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይሻላል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

በ1896 ላይትነር ዊትመር የሚባል መምህር በፊላደልፊያ ከተማ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና መታከሚያ ከፈተ። መጀመሪያ የመጣለትም አእምሮው የተናወጠ ሰው አልነበረም፤ ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው ልጅ ነበረ፤ ያመጣችውም አስተማሪው ናት። በ1932 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እየፈተነ በትምህርትና በሥራ ምርጫ የሚመክር መሥሪያ ቤት አቆመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ነገሩ ከምርጫ ምክር ዐለፈ። በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሱት ወታደሮች የትምህርት ገንዘብ ስለ ፈቀደላቸው፥ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ ጐረፉ። እነዚህም ያዩትን ደምና የቀበሩትን ጓደኛ በልባቸው ይዘው ነው የመጡት። ኀዘናቸውን ሊሰማ የሠለጠነው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፥ በ1946 የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋራ ተስማምቶ የሥነ ልቡና ሠልጣኞችን ገንዘብ እየከፈለ ማሠልጠን ጀመረ። በ1949 ደግሞ በኮሎራዶ ግዛት ቦልደር በምትባል ከተማ መምህራኑ ተሰብስበው፥ በዚህ ሙያ ዶክተር ሊባል የሚወድ ሰው መርማሪም መካሪም ይሁን፤ አንድ ሙሉ ዓመትም በሥራ ላይ ሆኖ ይለማመድ ብለው ተስማሙ። ዛሬ በተማሪዎች መማከሪያ የምናየው ተለማማጅ የዚያ ስምምነት ፍሬ ነው።

እንግዲህ ይህ ተለማማጅ ትናንት ከተማሪ ቤት የወጣ ልጅ አይደለም። የመጀመሪያውን ማዕርግ ከተቀበለ በኋላ ብዙ ዓመት የሥነ ልቡናን ትምህርት ተምሮ፥ በትንሽ በትንሹም ሰው ማየት ጀምሮ ነው የሚመጣው። ከእነዚህም ተለማማጆች ዛሬ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ዓመቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በእኛ ክረምት ወራት ነው፤ እስኪፈጸምም ድረስ በብዙ ቦታ 2,000 ሰዓት ይሠራል። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር የመሰከረለት ማሠልጠኛ ለእያንዳንዱ ተለማማጅ በሳምንት ከ4 ሰዓት የማያንስ ክትትል ማድረግ ግዴታው ነው፤ ከዚህም ቢያንስ 2ቱን ሰዓት ፈቃድ ያለው ዐዋቂ ከእርሱ ጋራ ለብቻ ተቀምጦ ሥራውን ይመረምራል። በአንድ ቦታም ከ2 ያነሱ ተለማማጆች እንዲኖሩ አይፈቀድም፤ ብቸኛ ተማሪ የሚወያየው ጓደኛ ስለሚያጣ ይህ መልካም ደንብ ይመስለኛል።

ዋናው ነገር ያ ምርመራ ነው። ተለማማጁ ወደ አለቃው ገብቶ «ዛሬ አንድ ተማሪ አየሁ፤ ደኅና ነው» ብሎ ቢወጣ ትምህርት አይሆንም፤ ሰው የገዛ ሥራውን ሲተርክ ያማረውን መርጦ ነውና። ስለዚህ ተማሪው በጽሑፍ ከፈቀደ ንግግሩ ይቀረጻል፤ ዛሬ ድምፅም መልክም ይቀረጻል። አለቃው ይህን እያየ በመካከሉ ያቆመዋል፤ «እዚህ ላይ ልጅቱ ስለ እናቷ ስትጀምር ለምን ስለ ፈተናው ጠየቅሃት?» ይለዋል። ተለማማጁም እናት ሲባል የራሱ ኀዘን ተነክቶበት እንደ ሸሸ ያን ጊዜ ያስተውላል። ይህ ልማድ የተጀመረው በዘመናችን አይደለም። ካርል ሮጀርስ የተባለው ስመ ጥር መምህር በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳለ የመካሪንና የተመካሪን ንግግር በሸክላ እያስቀረጸ ደቀ መዛሙርቱን ያስተምር ነበር፤ በ1942 ባሳተመው መጽሐፍም የአንድ ሰው ምክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ታትሟል። በ1945 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የመማከሪያ ቤት አቋቋመ።

ከእኛ ወገን የቅኔ ቤት ያየ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ደቀ መዝሙሩ የቈጠረውን ቅኔ ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል፤ ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉን ነቅሶ፥ ምሥጢሩ የተሰበረበትን ቦታ አሳይቶ ያርመዋል። ቅኔ አልሞላ ቢል የሚጐዳው ግን ተማሪው ራሱ ነው፤ በመማከሪያው ቤት ግን በስሕተቱ የሚጐዳ ሌላ ሦስተኛ ሰው አለ። ስለዚህ ተማሪው ገና በመጀመሪያው ቀን፥ የሚያናግረው ሰው ተለማማጅ መሆኑና የአለቃውም ስም ይነገረዋል። ይህ በማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ የተጻፈ ነው። ለወላጅ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ልጁ ለጀማሪ ብቻ አልተሰጠም፤ ከጀማሪው በስተኋላ በፈቃዱና በስሙ የሚጠየቅ ሰው ቆሟል።

ለምሳሌ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ መጣ እንበል። ስለ እንቅልፉ ሲነጋገሩ ቈይቶ ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ «ባልነጋ ይሻለኝ ነበር» አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቃሉን ማንሣት ይፈራል፤ ስለ ሞት ብጠይቀው ያላሰበውን አሳስበዋለሁ ይላል። ይህ ስሕተት መሆኑን በዚህ ዘመን የተደረጉት ምርመራዎች አስረድተዋል፤ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ስለዚህ ተለማማጁ ፊቱን ሳይለውጥ «ራስህን ለመግደል አስበሃል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ይሠለጥናል፤ በምን፥ መቼ፥ መሣሪያውስ በእጅህ አለ ወይ እያለ ይከተላል። ከዚያም ተማሪውን ሳይሸኝ በዚያው ሰዓት አለቃውን ይጠራል። ሁለቱም ሆነው ከተማሪው ጋራ ክፉው ሐሳብ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ፥ ማንን እንደሚጠራ በወረቀት ይጽፋሉ፤ የሚጐዳውን ነገር ከክፍሉ ያስወጣሉ፤ የባሰ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም ቤት ይወስዱታል። ተለማማጁ በመጽሐፍ መቶ ጊዜ ያነበበውን ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ሲናገር አንደበቱ ሊታሰር ይችላል፤ ስለዚህ በጓደኞቹ ፊት እየተለማመዱ አስቀድመው ደጋግመው እንዲናገሩት ይደረጋል።

አሁን ወላጆችን ይበልጥ ወደሚያስቈጣው ነገር እንምጣ። አባት ወደ መማከሪያው ስልክ ደውሎ «ልጄ ከእናንተ ዘንድ ይመጣል ወይ? ምን ይላል?» ቢል መልስ አያገኝም። ልጁ መጥቶ እንደ ሆነ እንኳ አይነገረውም። በ1974 በወጣው የአሜሪካ ሕግ፥ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ሲገባ፥ በትምህርት መዝገቡ ላይ ያለው መብት ከወላጁ ወደ እርሱ ይተላለፋል። የመማከሪያው መዝገብ ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ምስጢር ነው። የትምህርት ገንዘቡን የሚከፍል አባት ይህን ሲሰማ ቢቈጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያስብ፤ እርሱ ራሱ ለነፍስ አባቱ የነገረውን ሌላ ሰው ሄዶ ቢጠይቅ ደስ ይለው ነበር ወይ? ልጁ የሚናገረው ከቤቱ ስለማይሰማበት ነው፤ የሚሰማበት ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ የዝምታው መጨረሻ ደግሞ ባልነጋ ያለው ተማሪ ነው። አባትም ሥልጣን ጨርሶ አልተነፈገውም። መካሪው ሊነግረው ባይችል ሊሰማው ይችላል፤ «ልጄ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ እኅቱ ባለፈው ዓመት ሞታለች» ብሎ ቢያስታውቅ ቃሉ በከንቱ አይቀርም። ልጁ ራሱ በፊርማው ከፈቀደ ደግሞ መካሪው ከወላጅ ጋራ ይነጋገራል።

ምስጢሩ ወሰን አለው፤ በዚህም ከነፍስ አባት ምስጢር ይለያል። ወሰኑን በሕግ ያቆመው በካሊፎርኒያ የደረሰ ነገር ነው። በ1969 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ፥ ፍቅሩን ያልተቀበለችውን ሴት እንደሚገድላት ለሚያየው የሥነ ልቡና ዐዋቂ ተናገረ። ዐዋቂው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊሶች አስታወቀ፤ ፖሊሶቹም ተማሪውን ይዘው ጠይቀው አእምሮው የቀና መስሎ ስለ ታያቸው ለቀቁት። ከዚያ ወዲያ የዐዋቂው የበላይ አለቃ ነገሩ በዚያ እንዲቆም አዘዘ። ለሴቲቱም ሆነ ለወላጆቿ የነገረ ሰው አልነበረም። በኦክቶበር 27 ቀን 1969 ተማሪው ገደላት። ወላጆቿም ከሰሱ፤ ክሱ በቤተ ሰቡ ስም «ታራሶፍ» ተብሎ ይታወቃል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ በ1974፥ ሁለተኛም ነገሩን እንደ ገና መርምሮ በ1976 ፈረደ። ዳኛው ማቲው ቶብሪነር በጻፉት በኋለኛው ፍርድ፥ መካሪ ተመካሪው ሌላውን ሰው በብርቱ ሊጐዳ መሆኑን ካወቀ ወይም በሙያው ሊያውቅ የሚገባው ከሆነ፥ ያን ሰው ለመጠበቅ የሚገባውን ጥንቃቄ ማድረግ ግዴታው ነው ተባለ። ማስታወቁም ቢሆን፥ ፖሊስ መጥራቱም ቢሆን፥ ሌላም እርምጃ ቢሆን እንደ ነገሩ ሁኔታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ግዛቶች በየራሳቸው ሕግ አወጡ፤ አንዳንዱ ያስገድዳል፥ አንዳንዱ ይፈቅዳል ብቻ። እኔ በፍርድ መዝገብ መካከል የምውል ሰው ስለ ሆንሁ ይህን ፍርድ ሳነብ የሚያስደንቀኝ፥ ጥፋቱ በመናገር ሳይሆን ለማን መነገር እንደሚገባው ባለመለየት ላይ መሆኑ ነው። ተለማማጁም ይህን ፍርድ በግድ ይማራል፤ የምስጢሩንም ወሰን ለእያንዳንዱ ተማሪ ገና ሳይጀምሩ ይነግረዋል።

ከአገራችን ወጥተው በሚኒሶታ፥ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የተቀመጡ ቤተ ሰቦች ልጆች ዛሬ በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ይማራሉ። «ሆድ ባሰኝ» የሚል ልጅ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሲመልሰው ሐኪሙ ስለ ምግብ ይጠይቀዋል። ስለዚህ በሥልጠናው ከሚፈተኑት 9 ችሎታዎች አንዱ፥ ከተለየ ወገንና ልማድ የመጣን ሰው በሚገባ ማገልገል ነው። አለቃው ተለማማጁን «ገምተህ አትለፍ፤ ቃሉ በቤታቸው ምን ማለት እንደ ሆነ ራሱን ጠይቀው» ይለዋል። ልጁም ብዙ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ ስለ ቤቱ የጠየቀው ሰው አልነበረምና።

የተለማማጆች ምደባ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ማሠልጠኛዎቹን የሚያስተባብረው ማኅበር በ1968 ተመሠረተ። ቀድሞ ምርጫው በአንድ የፌብሩዋሪ ቀን በስልክ ነበረ፤ አመልካቾቹ ከስልኩ ሳይርቁ ልባቸው እየመታ ይጠብቁ ነበር። ከ1999 ጀምሮ ግን አመልካቹም ማሠልጠኛውም የወደዱትን በተራ ጽፈው ይልካሉ፤ ኮምፒዩተር ያጋጥማቸዋል። የዚህን ዓይነት ማጋጠሚያ ሥርዓት የመረመሩት አልቪን ሮትና ሎይድ ሻፕሊ በ2012 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት ግን ቦታው ከአመልካቹ አንሶ ብዙ መቶ ሰዎች ያለ ቦታ ቀርተው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦታው ከአመልካቹ በዛ።

ዓመቱ ሲፈጸም ተለማማጁ ይሄዳል። በብዙ ግዛቶች ገና አንድ ዓመት ያህል በክትትል ሥር መሥራትና 225 ጥያቄ ያለበትን ፈተና ማለፍ ይቀረዋል። ተማሪዎቹ ግን በዚያው ይኖራሉ። ስለዚህ መለያየቱ በድንገት አይደረግም፤ ተለማማጁ የሚሄድበትን ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል፤ በመጨረሻዎቹም ሳምንታት ስለዚሁ መለያየት ይነጋገራሉ። ለመቀጠል የሚወደውን ተማሪ ከሚተካው ሰው ጋራ ያገናኘዋል። በመዝገቡም ላይ እስከዚያ ቀን የተደረገውንና ያልተጨረሰውን ይጽፋል፤ አለቃው አንብቦ ይፈርምበታል፤ መዝገቡም ይቈለፋል።