ጠማማው ቤት፦ የፈረሰን መጠጥ ቤት በሕግ መልሶ ማቆም ይቻላልን?

በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በስታፎርድሻየር ግዛት፣ በሂምሊ መንደር አቅራቢያ ቀጥ ያለ ግድግዳ ያልነበረው አንድ መጠጥ ቤት ነበር። መስኮቶቹና በሮቹ ወደ አንድ ጎን ያዘሙ ነበሩ፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ብይ ሽቅብ የሚንከባለል ይመስል ስለነበር ይህንኑ ለማየት ከሩቅ አካባቢ የሚመጡ እንግዶች ብዙ ነበሩ። ሕዝቡም «ክሩክድ ሐውስ»፣ ማለትም «ጠማማው ቤት» ብሎ ጠራው።

ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1765 ሲሠራ የገበሬ መኖሪያ ነበር፤ መጠጥ ቤት የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አካባቢው በድንጋይ ከሰል የታወቀ በመሆኑ ከቤቱ ሥር ከሰል ሲወጣ መሬቱ ሰመጠ፤ የሕንፃው አንድ ጎንም ከሌላው በ1 ነጥብ 2 ሜትር ገደማ ዝቅ አለ። በ1940ዎቹ ለአደጋ ያጋልጣል ተብሎ ሊፈርስ ሲል አንድ የቢራ ጠማቂ ኩባንያ በድጋፍ ግንብ አጠናክሮ አተረፈው።

ከሰል ያላፈረሰውን ቤት ግን ጥቂት ቀናት አጠፉት። በጁላይ 2023 ለአዲስ ባለቤቶች ተሸጠ፤ ኦገስት 5 ሌሊት በእሳት ጋየ፤ ከሁለት ቀናት በኋላ የቀረው ግድግዳ በማሽን ፈረሰ። የደቡብ ስታፎርድሻየር ምክር ቤት ለደኅንነት ሲባል ከላይኛው ፎቅ የተወሰነ ክፍል እንዲነሣ እንጂ ሕንፃው በሙሉ እንዲፈርስ አለመስማማቱን አስታወቀ። ፖሊስም እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው በሚል ምርመራ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ይህን ያህል ዝነኛ ቤት ስለምን ጥበቃ አልነበረውም የሚል ነው። ሕንፃው በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር፤ እንዲመዘገብ የሚጠይቀው ማመልከቻ የቀረበው እሳቱ ሊነሣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ሆነ። ያም ሆኖ ምክር ቤቱ የሚይዘው ሕግ አላጣም፤ ከ2017 ጀምሮ በእንግሊዝ መጠጥ ቤትን ያለ ፈቃድ ማፍረስ የተከለከለ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ቤቱ ከእሳቱ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ በሦስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ እንዲሠራ ያዘዘውም ያለ ፈቃድ ፈርሷል በሚል ነው።

ትዕዛዙ ቀዳሚ ምሳሌ አለው። በለንደን ኪልበርን ሠፈር የሚገኘው «ካርልተን ታቨርን» በ2015 ያለ ፈቃድ ከፈረሰ በኋላ እንደ ቀድሞው እንዲሠራ ተወስኖ በ2021 ዳግም ተከፍቷል። የሂምሊው ጉዳይ ግን ይከብዳል። የለንደኑን ቤት ቅርጽ የወሰነው ግንበኛ ነው፤ ሌላ ግንበኛም ሊደግመው ይችላል። የሂምሊውን ቤት ያጣመመው በረጅም ዘመን የሰመጠ መሬት ነው። መልሶ የሚሠራው ባለሙያ ጥመቱን በስሌት አስልቶ፣ የዛሬውንም የግንባታ ደኅንነት ሕግ ጠብቆ ሊያቆመው ይገባል። የተረፉት ጡቦች ተለቅመው መቀመጣቸው ሥራውን ቢያግዝም እንደ ቀድሞው ያደርገዋል ማለት አይደለም።

ታዲያ ትዕዛዙ ምን ይጠቅማል? ከአንድ ቤት የሰፋ ጥቅም አለው። ለማፍረስ የሚከፈለው ቅጣት ባዶ መሬቱ ከሚያስገኘው ትርፍ ካነሰ፣ ቅጣቱ እንደ ማንኛውም የንግድ ወጪ ይቆጠራል። መልሶ የመገንባት ግዴታ ግን ከማፍረስ የሚገኘውን ትርፍ ራሱን ያስቀራል። ደንበኛ ያነሰባቸውና መሬታቸው የተወደደባቸው የገጠር መጠጥ ቤቶች ብዙ በሆኑባት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ባለቤቶቹ በትዕዛዙ ላይ ይግባኝ ብለዋል፤ በሕጉ መሠረትም ይግባኙ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ትዕዛዙ አይጸናም። ውሳኔው የሚነካው የሂምሊን ነዋሪዎች ብቻ አይደለም፤ በመዝገብ ያልሰፈረ አሮጌ መጠጥ ቤት ያለበት የእንግሊዝ መንደር ሁሉ የሚጠብቀው ነው።