ፕሮጀክተሩ ምን በደለ?

ሰሞኑን በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ አንድ ሐሳብ ተለጥፎ አይተናል። እንደ ቤት ሲኒማ አድርገን የምንገለገልበት የመዝናኛ ክፍላችን ፕሮጀክተር «ስላረጀና ስለማይሠራ» ማኅበሩ ከአባላቱ መዋጮ ሌላ አዲስ ይግዛ የሚል ነው። ከበታቹ የፈረሙት ብዙዎች ናቸው። እኔ አልፈረምኩም። ያልፈረምኩበትም ምክንያት ንፉግ ሆኜ ወይም የቅዳሜ ማታ ፊልም ጠልቼ ሳይሆን፣ ፕሮጀክተሩ ያለ ጥፋቱ እንደ ተከሰሰ ስለማምን ነው። አዲሱ ቢገዛም በሁለተኛው ሳምንት ይኸው ክስ በእርሱ ላይ ይመሠረታል። እንዲህ ያለውን ግዢ አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፕሮጀክተር የራሱ ሥዕል የለውም፤ የሚያሳየው ከሌላ መሣሪያ የመጣለትን ብቻ ነው። የእኛው መብራቱ ደኅና ነው። ግድግዳው ላይ «ሲግናል የለም» ብሎ በጉልህ ሲጽፍልን እያነበብን «አይሠራም» እንላለን። የማይሠራ ዕቃ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከየት አምጥቶ ይጽፋል? የላካችሁልኝን ቋንቋ አላውቀውም ማለቱ ነው። ወደ ክፍሉ የሚመጣውን ዕቃ እስቲ እንቁጠረው። አንዱ ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን ላፕቶፕ በቪጂኤ ገመድ ይዞ ይመጣል፤ ሌላዋ ስልኳን ታመጣለች፤ የዲሽ ሪሲቨራችን ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ብቻ ያወጣል፤ ሌላው ደግሞ ከእናቱ ቤት የቪዲዮ ካሴት ከነማጫወቻው ተሸክሞ ይደርሳል። እነዚህ ሁሉ በአንዲት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ፊት ይሰለፋሉ። ሆድና ጀርባ የሆኑትን ያለ ሽማግሌ ማስታረቅ እንዴት ይቻላል?

ከቪጂኤ እንጀምር። ይህ ባለ 15 እግር መሰኪያ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው። ሥዕሉን የሚልከው ከፍ ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ መጠን ሲሆን ድምፅ አይሸከምም። በ2002 መጨረሻ የወጣው ኤችዲኤምአይ ግን ሥዕሉንም ድምፁንም ወደ ቁጥር ለውጦ ይልካል። ስለዚህ በአንድ ጫፉ ቪጂኤ፣ በሌላው ጫፉ ኤችዲኤምአይ ያለው ተራ ሽቦ ቢሰካ ሥዕል አይመጣም፤ ሽቦ አያስተረጉምም። በመካከላቸው የሚያስተረጉም ኮንቨርተር መግባት አለበት። እርሱም የራሱን ኤሌክትሪክ፣ ብዙውን ጊዜ በዩኤስቢ በኩል፣ ይፈልጋል፤ ድምፁንም ከላፕቶፑ በሌላ ቀጭን ገመድ ይቀበላል። ከዚህም በላይ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ አይለውጥም፤ መልካቸው ግን መንትያ ነው። መርካቶ ወርዶ «የቪጂኤና የኤችዲኤምአይ ስጠኝ» የሚል ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ይዞ ይመለሳል፤ የትኛውን እንደ ያዘ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ወንበር ይዞ ፊልሙ ሊጀመር ሲል ነው።

የስልኩ ነገር አጭር ነው። ታይፕ ሲ የሚባለው ቀዳዳ በአንዳንዱ ስልክ ሥዕል ያወጣል፤ በሌላው ስልክ ባትሪ ከመሙላትና ፋይል ከማስተላለፍ በቀር ሥራ የለውም። በውጭ ሲያዩት ሁለቱ አይለዩም። ለሁለት ዓይነት ሥራ አንድ ዓይነት ቀዳዳ የሠሩትን አምራቾች ሳልወቅስ አላልፍም።

ሥዕሉ ከመጣም በኋላ ሌላ ክርክር ይነሣል። የድሮ የቴሌቪዥን ሥዕል ወርዱና ቁመቱ 4 ለ 3 ነው፤ የዛሬው ፕሮጀክተር 16 ለ 9 ነው። «ግድግዳው ለምን አይሞላም?» የሚል ሰው አይጠፋምና አንዱ ተነሥቶ ቁልፍ ይጫናል። ወዲያው ቀጭኑ ሁሉ ይወፍራል፤ ኳሱም እንቁላል ይሆናል። ፕሮጀክተሩ 1920 በ1080 ነጥብ ያለው እንደ ሆነ የ4 ለ 3 ሥዕል ትክክለኛ ስፋቱ 1440 ነጥብ ነው፤ በግራና በቀኝ 240፣ 240 ነጥብ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይህን ጥቁር እንደ ኪሳራ የሚቆጥሩት ሰዎች አይገቡኝም። የገዛ እናታቸውን ፎቶግራፍ ለፍሬሙ ሲሉ ይለጥጡታልን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እርሱም ካሴቱ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን አሜሪካ የሚኖር ዘመድ አለን። ኢንተርኔት ሳይስፋፋ በፊት እነዚህ ዘመዶች ሠርጋቸውን፣ የልጆቻቸውን ክርስትና፣ የበዓሉን ድግስ በቪዲዮ ካሴት ቀድተው በተጓዥ ሻንጣ ይልኩ ነበር። የአሜሪካው ሥዕል ኤንቲኤስሲ ይባላል፤ 525 መስመር ያለውና በአንድ ሴኮንድ ወደ 30 የሚጠጋ ሥዕል የሚያልፍበት ነው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የሠራበት ፓል ግን 625 መስመርና በሴኮንድ 25 ሥዕል አለው። ልዩነቱ እንዲያው በግትርነት የመጣ አይደለም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የአውሮፓና የእኛ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ የጥንቶቹ የቴሌቪዥን መሐንዲሶች የሥዕሉን ፍጥነት በዚያው ለክተው ስለ ሠሩት ነው። ክሩም ቢሆን በአንድ ፍጥነት አይሄድም፤ በተለመደው አቀዳድ የአሜሪካው በሴኮንድ 33 ሚሊሜትር ያህል፣ የፓሉ 23 ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል።

እንግዲህ ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ፓል ብቻ በሚያነብ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ሥዕሉ ይበጣጠሳል፤ ድምፁም እየተጎተተ ይወፍራል። የቤቱ ሰው ይህን አይቶ «ተበላሽቷል» ይላል። ካሴቱ ከአልጋ ሥር ወደ ዕቃ ቤት፣ ከዕቃ ቤት ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። አልተበላሸም ነበር! እዚህ ላይ የቢጫውን ገመድ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ ኮንቨርተር ብቻውን አያድንም፤ ማጫወቻው ያላነበበውን ኮንቨርተሩ ከየት ያመጣዋል? አስቀድሞ ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልጋል። ይህም ቢገኝ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዱ ማጫወቻ የአሜሪካውን መስመር ከፓል ቀለም ጋር ቀላቅሎ ያወጣል። የድሮ ቴሌቪዥን ይህን ቅልቅል ችሎ ያሳያል፤ ብዙ ኮንቨርተር ግን አይቀበለውም። ማጫወቻው ኤንቲኤስሲውን እንዳለ እንዲያወጣ ማስተካከያ ካለው እዚያ ላይ ማድረግ፣ ኮንቨርተሩንም ሁለቱን ዓይነት ከሚቀበለው መምረጥ ነው።

ጊዜም አይጠብቀንም። የመጨረሻው የቪዲዮ ማጫወቻ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ሥራውን አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሚገኘው አሮጌው ብቻ ነው፤ እርሱም እያለቀ ነው። ካሴቱ ራሱ በተቀመጠበት ያረጃል፤ በተጫወተ ቁጥርም ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደኅና ሲጫወት ያንኑ ወደ ኮምፒዩተር መቅዳት ይገባል። ሥዕሉ ኤችዲኤምአይ ከሆነ በኋላ ይህን የምታደርግ ትንሽ መቅጃ አለች።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ዛሬ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ይገኛል፤ አሮጌውን ለምን ትጎትተዋለህ?» ይሉኛል። ፊልሙስ ይገኝ ይሆናል። የአክስታችን ሠርግ ግን የት ይገኛል? ዛሬ በሕይወት የሌሉት አያት ሙሽሮቹን ሲመርቁ ድምፃቸው ያለው በዚያች አንዲት ካሴት ላይ ብቻ ነው። በብዙ ሺህ ብር የተገዛ አዲስ ፕሮጀክተር ይህችን ካሴት ማሳየቱ ቀርቶ ቢጫውን ገመድ የሚሰኩበት ቀዳዳ እንኳ የማይኖረው ሊሆን ይችላል። አዳዲሶቹ ይህን ቀዳዳ እየተዉት መጥተዋልና። በማስታወቂያው ላይ «1080 ይቀበላል» የተባለውም ቢሆን መጠርጠር አለበት። መቀበል ሌላ፣ ማሳየት ሌላ ነው፤ የተቀበለውን አሳንሶ በ1280 በ720 ወይም ከዚያ ባነሰ ነጥብ የሚያሳይ ርካሽ ፕሮጀክተር በገበያ ሞልቷል።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ አንድ፣ ከቢጫው ገመድ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ፣ ፓልንም ኤንቲኤስሲንም የሚቀበል አንድ ይገዛ፤ አቅጣጫቸውም በቀለም ይጻፍባቸው። ሦስት አራት ዕቃ ተሰክቶበት በአንድ ቁልፍ የሚመርጥ መቀያየሪያ ይጨመር። ሁለቱንም የካሴት ዓይነት የሚያነብ አሮጌ ማጫወቻና መቅጃዋ ይፈለጉ። ዕቃው በቁም ሣጥን ተቆልፎ ተማሪ በመዝገብ እየፈረመ ለቤቱም ይዋሰው። የፕሮጀክተሩ መብራት በእውነት የደከመ እንደ ሆነ መብራቱ ይለወጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ የሆነ አንድ ተማሪ ከፊልሙ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይምጣ። ፕሮጀክተሩን አስቀድሞ ያብራ፤ ላፕቶፑን ከዚያ በኋላ ይሰካ። ፕሮጀክተሩ የሚቀበለውን የሥዕል መጠን ለላፕቶፑ የሚነግረው በሚገናኙበት ጊዜ ነውና ተኝቶ ከቆየ ላፕቶፑ በግምት ይልካል። ሥዕሉ አሁንም ከቀረ ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፕ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና ፒን አብሮ ተጭኖ «ማባዛት» የሚለውን ይምረጥ።

ገንዘብ ያዣችን የእነዚህን ሁሉ ዋጋ ከአዲሱ ፕሮጀክተር ዋጋ ጎን አስፍሮ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ያቅርብልንና ያን ጊዜ ድምፅ እንስጥ። እስከዚያው በቤቱ ካሴት ያለው ሁሉ «አይሠራም» ብሎ አይጣለው፤ ከየት አገር እንደ መጣና የማን ድግስ እንደ ሆነ እናቱን ጠይቆ በጀርባው ላይ ይጻፍበት።