በሽታው አንዱን ይዞ ሌላውን ስለ ምን ይተዋል?

በቅርቡ አንድ ሐሙስ ጧት፥ ትምህርት የምሰጠው ከሰዓት በኋላ ስለ ነበረ፥ በሜክሲኮ አደባባይ ዳር ቆሜ ታክሲ እጠብቅ ነበር። አንድ ወጣት ሽማግሌ አባቱን በክንዱ ደግፎ ቀረበኝና «ወንድሜ፥ ጥቁር አንበሳ ሐኪም ቤት በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በእጁም «ሪፈር» የሚባለውን ወረቀት ይዞ ነበር። ከአርሲ ገጠር ሌሊት ተነሥተው መምጣታቸው ነው። መንገዱ በሰንጋ ተራ በኩል ስለ ሆነ ለጤነኛ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ሽማግሌው ግን ጥቂት እንደ ተራመዱ ደከማቸው። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ቡና ከምትሸጥ ሴት ዘንድ በርጩማ ላይ አረፍ አልን።

ቡናው ቀረበ። ሽማግሌው ስኒውን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት እንጂ አልቀመሱትም። ልጃቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን አጫወተኝ። መጀመሪያ ሥጋና ዳቦ አልወርድ አላቸው፤ ቀጥሎ እንጀራው እንቢ አለ፤ አሁን የሚወርድላቸው ወተትና አጥሚት ብቻ ነው፤ እርሱም በግድ። ከዚህ በኋላ የነገረኝ ግን ከበሽታው ይልቅ አሳዘነኝ። አባቱ በአገራቸው ለዕርቅና ለዳኝነት የሚጠሩ ሰው ነበሩ። በአንድ የእርሻ ድንበር ክርክር ላይ ምለው መስክረዋል። ጉሮሮአቸው የተዘጋ ጊዜ የተረታው ወገን «በሐሰት ስለ ማለ ነው» ብሎ አወራ፤ መንደሩም አመነ። «አባቴ እውነት እንደ መሰከረ እኔ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እህል አልወርድ ካለው በኋላ ማን ያምነኛል?» አለኝ።

ከሐኪም ቤቱ በር አድርሻቸው ተመለስሁ። ለወጣቱ የሚሆን መልስ ግን አልሰጠሁትም። ከሰዓት በኋላ ታሪኩን ለተማሪዎቼ ብነግራቸው፥ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጅዋን አውጥታ «መምህር፥ ታዲያ በሽታው እርሳቸውን ይዞ ጎረቤታቸውን ስለ ምን ተወ?» አለችኝ። ወዲያው ደወል ተደወለ፤ ደወሉም አዳነኝ። እነሆ ዛሬ ዕዳዬን እከፍላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አባቶቻችን ነቀርሳ ይሉት የነበረው፥ ዛሬ ሁሉም ካንሰር የሚለው በሽታ የምግብ መውረጃውን ቧንቧ ሲይዝ፥ ምልክቱ በአብዛኛው ልክ ወጣቱ እንደ ነገረኝ ነው። የአዲስ አበባ ሐኪሞች በዚህ በሽታ ከሚመጡባቸው ሰዎች መካከል የአርሲና የባሌ ሰዎች መብዛታቸውን ካስተዋሉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚቆም አይደለም። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፥ በታንዛንያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በሽታው በርከት ብሎ ይታያል። በሰሜን ኢራን የጎለስታን አገርና በቻይና በሄናን ክፍለ ሀገር ሊንሺየን ይባል የነበረው ወረዳም በዚሁ የታወቁ ናቸው።

እንግዲህ ጉሮሮን የሚዘጋው የሐሰት መሐላ ቢሆን ኖሮ፥ በሐሰት የሚምሉ ሰዎች ሁሉ በእነዚህ አገሮች ተሰብስበዋል ልንል ነው። ይልቁንም በሊንሺየን መርማሪዎች ይኸንኑ በሽታ በዶሮዎች ጉሮሮ ላይ አግኝተውታል። የሊንሺየን ዶሮ ከባለቤቱ ማዕድ ፍርፋሪ ትለቅማለች፤ ችሎት ቆማ ስለ መማልዋ ግን አልተሰማም። ይህ ማስተዋል ሊቃውንቱን በምግቡ፥ በመጠጡና በአካባቢው ላይ እንዲመራመሩ ገፋፋቸው።

በአገራችንም ምርመራው አልቀረም። ከግንቦት 2012 እስከ ግንቦት 2013 ድረስ በዚሁ በአዲስ አበባ፥ በምግብ ቧንቧ ካንሰር የተያዙ 73 በሽተኞችና ይህ በሽታ የሌለባቸው 133 ሰዎች ተመርጠው ተጠየቁ። ለእያንዳንዱ በሽተኛ በጾታ፥ በዕድሜና በመኖሪያ አገር የሚመስለው ሰው ተፈለገለት። ውጤቱም በ2017 ታተመ። ከበሽተኞቹ መካከል የአዲስ አበባ ነዋሪዎች የሆኑት ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት እንደ እነዚያ አባትና ልጅ ከሩቅ የመጡ ናቸው።

የጥናቱ ዋና ጥያቄ ጫትን የሚመለከት ነበር። ከበሽተኞቹ ከመቶ 36፥ በሽታው ከሌለባቸው ደግሞ ከመቶ 26 ጫት የሚቅሙ ወይም ቅመው የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። እንዲሁ ሲታይ የቃሚው አደጋ ከማይቅመው እጥፍ ያህል መሰለ። ሐሜት ቢሆን ኖሮ ፍርዱ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። መርማሪዎቹ ግን «ቃሚው ሌላ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ። የሚያጨስ፥ የሚጠጣ፥ ጎመን የማይቀምስ፥ ትምህርት ያላገኘ ስንቱ ነው? እነዚህ ሁሉ በሒሳቡ ውስጥ በገቡ ጊዜ በጫት ላይ የታየው ልዩነት ጠፋ። ይህም ሲባል ጫት ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። የተጠየቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከማያጨሱት መካከል በቃሚዎቹ ላይ ጥቂት ጥርጣሬ ቀርቷል፤ ጥናቱም ለትልቅ ጥናት መንገድ ጠራጊ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ይልቅስ ከበሽታው ጋር አብረው የተገኙት ትምባሆ፥ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል አለመብላትና ጨው የበዛበት ምግብ ናቸው።

አንድ ሌላም ነገር አብሮ ተገኘ፤ እርሱም ማንበብና መጻፍ አለማወቅ ነው። ይህን ሳነብ መምህር ነኝና ልቤ ቆመ። ፊደል አለመቁጠር ጉሮሮ አያቆስልም። እኔ በበኩሌ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በአብዛኛው ድኻ መሆኑን፥ ማዕዱም አንድ ዓይነት መሆኑን፥ ከሐኪምም መራቁን አስባለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ስኒያችን እንመለስ። በጎለስታን ከ2004 እስከ 2008 ድረስ 50,045 ሰዎች ተመዝግበው ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋቸዋል። መርማሪዎቹ «ትኩስ ትወዳለህ ወይስ ለብ ያለ?» ብለው በመጠየቅ ብቻ አልተወሰኑም። ሻይ ቀድተው ቴርሞሜትር ነከሩበትና ሰውዬው «እንዲህ ነው የምጠጣው» እስኪል ድረስ እያበረዱ ለኩት። በ2019 በወጣው ውጤት መሠረት፥ ሙቀቱ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ሻይ በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጡት፥ ጥቂትና ቀዝቀዝ ያለ ከሚጠጡት ይልቅ አደጋቸው በ90 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። በ2016 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የተሰበሰቡ 23 ሊቃውንት፥ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ሁሉ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር ወሰኑ። ቡናን ግን በራሱ አልኮነኑትም፤ ቡና ወዳዶች ደስ ይበላችሁ። ጥፋቱ የሙቀቱ ነው።

በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከጀበና አሁን የተቀዳ ቡና፥ ከእሳት አሁን የወረደ ገንፎ፥ ከ65 ዲግሪ ምን ያህል እንደሚርቅ እናንተው አስሉት።

ሙቀት ካንሰርን እንዴት ያመጣል? የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን በተቃጠለ ቁጥር ሰውነት አዲስ ሕዋሳት እያበጀ ይጠግነዋል። አዲስ ሕዋስ ሲሠራ በውስጡ ያለው የዘር ጽሑፍ መገልበጥ አለበት። የብራና መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ሥራው በበዛና በተጣደፈ መጠን ፊደል መግደፉ እንደማይቀር፥ የሕዋስም አገለባበጥ እንደዚሁ ነው። አብዛኛው ግድፈት ይታረማል ወይም ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን ሕዋሱ ያለ ልክ እንዲራባ ያደርገዋል።

በ2021 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከስምንት አገሮች የመጡ 552 በሽተኞችን ዕጢ መርምሮ ይህን የዘር ጽሑፍ አነበበ። ከአገሮቹም መካከል ኬንያ፥ ታንዛንያና ማላዊ ይገኛሉ። መርማሪዎቹ በሽታው በሚበዛባቸው አገሮች አንድ የተለየ መርዝ ጽሑፉ ላይ የጣት አሻራውን ትቶ እንደ ሆነ ፈለጉ። የትምባሆና የመጠጥ ዱካ ተገኘ፤ የአገሮቹን ልዩነት የሚያስረዳ አሻራ ግን አልተገኘም። ምናልባት ወንጀለኛው አንድ ብቻ አይደለም፤ ምናልባትም እንደ ሙቀት ያለው ነገር ጽሑፉን ራሱ አያበላሸውም፤ ጸሐፊውን ብቻ ያለ ዕረፍት ያሠራዋል።

የተማሪዬ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም፤ አንድ ገበታ ላይ አብረው በልተው አንዱ ታሞ ሌላው ስለ ምን ይድናል? የጨጓራን ነገር ብናይ ይገባናል። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ አውስትራልያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 በራሱ ላይ ሊፈትነው ጠጥቶት ጨጓራው ታመመ፤ በ2005ም ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይህ ባክቴሪያ የጨጓራ ካንሰር ምክንያት መሆኑ በ1994 ተወስኗል። ሆኖም በዓለም ላይ ቍጥር ስፍር የሌለው ሕዝብ ባክቴሪያውን ተሸክሞ ሲኖር፥ ካንሰር የሚይዛቸው ከመቶ ጥቂቶች ናቸው። አንድ ምክንያት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ከቤተሰብ የተወረሰው ጠባይ፥ ምግቡ፥ ትምባሆው፥ ዕድሜው፥ ደግሞም የትኛው ፊደል በየትኛው ሕዋስ ውስጥ ይገደፋል የሚለው ዕድል አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ስለዚህ ሊቃውንት ስለ ሺህ ሰው ሊነግሩን ይችላሉ፤ ስለ አንዱ ሰው «በዚህ ምክንያት ታመመ» ብሎ መማል ግን አንዳቸውም አይችሉም። እነርሱ የማይችሉትን የመንደር ወሬ ይችላልን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። «በሐሰት ምሎ ነው» የሚለውን ትተን «ገንፎውን ትኩስ በልቶ ነው»፥ «ቅሞ ነው»፥ «አጭሶ ነው» እያልን በበሽተኛው ላይ ብናፈርድ፥ ስሙን ብቻ ለውጠን የድሮውን ጥፋት መድገማችን ነው። ምክንያትን የምናውቀው ገና ያልታመመውን ለማዳን ነው። ለታመመው የሚያስፈልገው ሐኪምና ወዳጅ ነው።

ላልታመምነው ግን የሚሠራ ሥራ አለ። ቡናው፥ ሻይውና ገንፎው ጥቂት ይቀዝቅዝ። ትምባሆ ይቅር፥ መጠጥ ይቀነስ፥ ጎመንና ፍራፍሬ ይጨመር። ከሁሉም በላይ፥ ጠጣር ምግብ አልወርድ ማለት ከጀመረ ወተት እየጠጡ ወራት መጠበቅ አይገባም። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ በካሜራ ቱቦ ታይቶ ቢደረስበት ለሕክምና ይመቻል፤ ወተት ብቻ የሚወርድበት ቀን ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ አልፏል። ያን ቀን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ሐሜት ነው። መንደሩ «እርግማን ነው» ያለውን ሰው ማን ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወስደዋል?

ያ ወጣት ይህን ገጽ ያነበው እንደ ሆነ አላውቅም። እናንተ ግን በአርሲም ሆነ በባሌ፥ በሌላም አገር ያላችሁ አንባቢዎች፥ እህል አልወርድ ያለው ጎረቤት ቢኖራችሁ መጽሔቱን ይዛችሁ ሽማግሌዎቹ ከሚቀመጡበት ጥላ ሥር ሂዱና ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ዶሮይቱንም አትርሱ፤ ከሒሳቡ ሁሉ ይልቅ ቶሎ የምትገባቸው እርሷ ትመስለኛለች።

የሳምንት ሰው ይበለን።