ዐይን ሾውሩሙን ሲጎበኝ ጉልበትም ይጠየቅ

ልጆቻችን «ሊንክ ልኬልሻለሁ፣ ገብተሽ ሶፋውን ምረጪ» ማለት ጀምረዋል። ሊንኩን ስትነኩት የሚከፈተው ተራ ፎቶ ወይም ቪዲዮ አይደለም፤ የቤት ዕቃ መሸጫው ሾውሩም ራሱ ነው። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ ስትጎትቱ ዙሪያውን ታያላችሁ። ወለሉ ላይ ያለችውን ክብ ምልክት ስትነኩ ወደፊት ትራመዳላችሁ። ዕቃው ላይ ያለችውን ነጥብ ስትነኩ ዋጋው ብቅ ይላል። ቨርቹዋል ቱር ይሉታል።

አሠራሩ ብዙም ምስጢር የለውም። ዙሪያውን 360 ዲግሪ የሚያነሳ ካሜራ ሾውሩሙ ውስጥ ከቦታ ቦታ እየተተከለ ያነሳል፤ ከዚያ ምስሎቹ በኮምፒውተር ይያያዛሉ። ጉግል የከተማ መንገዶችን በዚህ መልክ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

እኔ ነገሩን ወድጄዋለሁ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ፎቅ ለፎቅ ሳይንከራተቱ መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤቴ ሜሪላንድ ካለችው ልጃቸው ጋር በስልክ እያወሩ አንድ ሾውሩም አብረው ዞሩ። «እማዬ፣ ይቺን ንኪያት» ስትላቸው እየነኩ፣ ሲስቁም ሲከራከሩም አንድ ሰዓት ቆዩ። ሶፋው በሳምንቱ መጣ። ያማረ ነው፤ ግን ዝቅ ያለና የሚያሰምጥ ሆነ። ከተቀመጡ በኋላ የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ካልሳበ አይነሱም። በመጨረሻ አናጺ ተጠርቶ እግሮቹ ሥር እንጨት ጨመረበት።

ሰው ከመቀመጫ የሚነሳው በጭኑና በጉልበቱ ኃይል ነው። ዳሌ ከጉልበት በታች ከወረደ ሸክሙ ይከብዳል። ስለዚህ ቱሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጫማ አድርጋችሁ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀመጡና ከወለሉ እስከ ጉልበታችሁ ማጠፊያ ያለውን በሜትር አስለኩ። 42 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የሶፋው መቀመጫ ከሰመጠ በኋላ ከ42 በታች መሆን የለበትም፤ ጉልበት ወይም ዳሌ ለሚያመው ደግሞ ትንሽ ከፍ ይበል። እጅ መደገፊያውም ተገፍቶበት የሚነሱበት ጠንካራ ይሁን። አልጋም እንዲሁ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲቀመጡ እግር ወለሉን ሙሉ በሙሉ መርገጥ አለበት። ሌሊት ሽንት ቤት ሊሄዱ ሲነሱ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ እናቶችን በሥራ ዘመኔ አስታምሜአለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው የማይራመዱ ብዙ ናቸው።

ካሜራው ሌላም ነገር ያታልላል። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ክፍሉ ከእውነቱ ይሰፋል። እዚያ ትንሽ የመሰለው ሶፋ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ሲገባ መተላለፊያ ያሳጣል። ሽታም በስልክ አይመጣም፤ አስም ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ አዲስ ቀለምና አዲስ ስፖንጅ ምን ያህል እንደሚሸት ሻጩን ጠይቁ።

ለልጅ ልጆቻችሁ አልጋ የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ስለ ፍርግርጉ ክፍተት ጠይቁ። የአሜሪካ ደንብ ከ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ አይፈቅድም፤ ሰፊ ከሆነ የሕፃኑ ገላ ሾልኮ ጭንቅላቱ ይያዛል። ባለመሳቢያ ኮሞዲኖና ቁምሳጥንም ቱሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ልጅ መሳቢያውን ስቦ ሲንጠላጠልበት ግን ላዩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ኢኬያ እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ 29 ሚሊዮን ገደማ ባለመሳቢያ ዕቃዎቹን እንዲመለሱ ያስጠራው ሕፃናት ሞተው ነው። ከግድግዳ ጋር የሚያስር ብረት አብሮ ይመጣ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሌለው አናጺ ይሠራላችኋል።

ሾውሩም ያላችሁ ነጋዴዎችም ይህን ገጽ እንደምታነቡ አውቃለሁ። ነጥቧ ላይ ከዋጋው ጎን የመቀመጫውን ከፍታ፣ የዕቃውን ስፋት፣ ካልተስማማ ይመለስ እንደሆነ ጻፉ። አንድ ሰው ተቀምጦበት አንሱ፤ መስመጡ ያኔ ይታያል። ሱቃችሁ ደረጃ ይኑረው አይኑረው ከመግቢያው ጀምራችሁ አሳዩ፤ አይቶ ወዶ፣ ቁጭ ብሎ ሊሞክረው የሚመጣ ሽማግሌ ታክሲ ከመያዙ በፊት ይወቀው።

ቱሩን የምትከፍቱት ቁጭ ብላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ይሁን። ምስሉ ቶሎ ቶሎ ሲዞር አንዳንዶቻችንን ያጥወለውለናል። ዳታም ይበላል፤ ልጆች ቤት ዋይፋይ ካለ እዚያው ክፈቱት።