ጉድጓዱ የግል ነው፣ ውሃው ግን የጋራ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ተራው በእኩለ ሌሊት ሲደርስ እናቶች ከእንቅልፋቸው ተነስተው ጀሪካንና በርሜል ይሞላሉ። ያመለጠው እስከ ቀጣዩ ተራ ይጠብቃል፣ ወይም ከጋሪ ገፊ ይገዛል። በዚያው ሰፈር፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ፣ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ከራሱ ጥልቅ ጉድጓድ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይስባል።

ባለቤቱን መውቀስ አይገባም። ያለ ውሃ ግንባታ የለም። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ለማቡካት 50 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ተኩል ውሃ ያስፈልጋል። የተሞላ አርማታ ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፣ ጥንካሬም ያጣል። ይህን ሁሉ ከሰፈሩ መስመር ከመሻማት ከጉድጓድ ማውጣቱ ለጎረቤትም ይሻላል።

ግን ሌላ ስሌትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው ለመሠረታዊ ፍላጎቱ በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልገዋል ይላል። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ የሚቦካበት ውሃ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ነው ማለት ነው።

ሕጉስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ በማሽን የሚቆፈረው ግን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው አንድ ግዴታ ቢጨምር ነውር የለውም፦ ግንባታው እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ጊዜያዊ ቦኖ ይተከል።

ወጪው ከሕንፃው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። አንድ ሮቶ፣ ጥቂት ሜትር ቱቦ፣ ሁለት ቧንቧና አንድ ቆጣሪ ይበቃል። ጠዋትና ማታ በተወሰነ ሰዓት ይከፈት። ለፓምፑ መብራትና ለጄኔሬተሩ ነዳጅ በጀሪካን መጠነኛ ክፍያ ይተመን፣ የሰፈሩ ዕድር ይሰብስብ። ቆጣሪው ሌላም ጥቅም አለው፤ ሕንፃው ራሱ ከከርሰ ምድር ምን ያህል እንደሚያወጣ ይታወቃል።

"ሰው ቢታመም ማን ይጠየቃል?" የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ለአርማታ የሚሆን ውሃ ሁሉ ለመጠጥ አይሆንም፤ በተለይ ጉድጓዱ ጥልቀት ከሌለውና መጸዳጃ ቤት አጠገብ ከሆነ። መልሱ ግን መከልከል ሳይሆን ማስመርመር ነው። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ቦኖው ላይ "ለመጠጥ አይሆንም" ተብሎ ይጻፍ። ለልብስ ማጠቢያና ለሽንት ቤት ከዋለ እንኳ የፈረቃው ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ይተርፋል። ቱቦውን ከከተማው መስመር ጋር ማገናኘት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የመስመሩ ግፊት ሲወርድ ያልታከመው የጉድጓድ ውሃ ገብቶ ሰፈሩን ሁሉ ሊበክል ይችላል።

ዛሬም ቢሆን ጀሪካን ይዞ የግንባታ በር የሚያንኳኳ ሰው አለ። ዘበኛው ደግ ከሆነ ይቀዳል፣ ካልሆነ ባዶውን ይመለሳል። አዋጅ የጋራ ያለው ሀብት ግን በዘበኛ መልካም ፈቃድ ሊታደል አይገባም።