እንጉዳይ ፍለጋ ወጥተው ዳይኖሰር ይዘው ገቡ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን አንድ ትልቅ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፤ ፊልም ማየት። አሥራ አንድ ዕጩ መምህራን በሁለት አልጋ ላይ ተደራርበን፣ አንገታችንን እንደ ግመል አስግገን፣ ቆሎ እየቆረጠምን አንዲት ላፕቶፕ ላይ አፈጠጥን። ፊልሙ ሳይጋመስ መብራት ጠፋ። ደግነቱ ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፤ ወይም ክፋቱ እንበለው፤ ምክንያቱም ፊልሙ እስከ መጨረሻው አለቀቀንም። ሲያልቅ ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዱ ጓደኛችን ከጥግ በኩል፣ «እሺ፣ ጨዋታው የታለ?» ሲል ጠየቀ። ይህን ጽሑፍ የወለደው ይኸው ጥያቄ ነው።

ፊልሙ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሕዝብ የቀረበ ነው። ከቪዲዮ ጨዋታ ተወስደው፣ በሥዕል ሳይሆን በእውነተኛ ተዋንያን ከተሠሩት ረጃጅም ፊልሞች የመጀመሪያው እሱ ነው። በመጀመሪያነቱ እናመሰግነዋለን። ስለ ሌላው ለመናገር ግን አስቀድሞ ጨዋታውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጨዋታውን የሠራው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ ዋናው ፈጣሪው ሺጌሩ ሚያሞቶ ነው። ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ታሪኩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ማሪዮ የሚባል ሪዛም የቧንቧ ሠራተኛ አለ። አንዲት ልዕልት ተጠልፋለች። ጠላፊዋ ኤሊ መሰል ትልቅ አውሬ ነው። ማሪዮ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ እንጉዳይ ሲያገኝ ያድጋል፣ በቧንቧ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው! «የቧንቧ ሠራተኛ በእንጉዳይ ለምን ያድጋል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። ልጅ ይህን አይጠይቅም፤ ይዘላል።

ፊልም ሠሪዎቹ ግን ጠየቁ። መጠየቃቸው ባልከፋ፤ ለጠየቁት ሁሉ መልስ መስጠታቸው ነው ጉዱ። ከ65 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ የወደቀ አለት ዓለምን ለሁለት ከፈላት አሉ። ዳይኖሰሮች አልጠፉም፤ በሌላኛው ዓለም ቀስ በቀስ ሰው መሰሉ አሉ። ጨለማ የዋጣት የዳይኖሰር ከተማ አለች አሉ። የቀድሞው ንጉሥ ወደ ፈንገስነት ተለውጠው በከተማዋ ሁሉ እንደ ሻጋታ ተንጠልጥለዋል አሉ። እኛ እንጉዳዩ የት ገባ እያልን ስንፈልግ፣ ለካ ንጉሡ ናቸው! በጨዋታው ውስጥ ትንንሾቹ፣ እንጉዳይ መሳዮቹ ጉምባዎች፣ በፊልሙ ካፖርት የደረቡ፣ የበር መቃን የሚያህሉ፣ ራሳቸው ግን ብርቱካን የምታህል የእንሽላሊት ራስ የሆነ ፍጡሮች ሆኑ። ኤሊው ጠላፊ ኩፓ ሙሉ ልብስና ከረባት ያደረገ አምባገነን ሆነ። ከሁሉም የከፋው ግን፣ መዝለል ሥራው የነበረው ማሪዮ ለመዝለል ልዩ ጫማ አስፈለገው። ዘላዩን ሰውዬ ያለ መሣሪያ የማይዘል አደረጉት እኮ! የአገራችን ሰው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው እንዲህ ያለውን አይቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ሠሪዎቹ ሙያ የሌላቸው ሰዎች ይሆናሉ» ይል ይሆናል። የለም! ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ሮላንድ ጆፌ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 «ዘ ኪሊንግ ፊልድስ» የተባለውን ፊልም ያዘጋጀ ሲሆን፣ ፊልሙ ሦስት ኦስካር አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ «ዘ ሚሽን» በተባለው ፊልሙ የካን ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ወስዷል። ማሪዮን የተጫወተው እንግሊዛዊው ቦብ ሆስኪንስ፣ ኩፓን የተጫወተው ዴኒስ ሆፐር፣ ሁለቱም አንቱ የተባሉ ተዋንያን ነበሩ። የከተማዋን መልክ የሠሩት ባለሙያዎችም በሰሜን ካሮላይና በአንድ ሥራ ባቆመ የሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ሙሉ ከተማ አቁመዋል፤ እውነት ለመናገር እሱ ያምራል። ገንዘብም አልቸገራቸውም፤ ወደ 48 ሚሊዮን ዶላር እንደ ወጣበት ይነገራል። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው ግን ከ21 ሚሊዮን ፈቅ አላለም። ድርሰቱ ደግሞ ቀረጻ ከተጀመረም በኋላ ደጋግሞ ይቀየር ነበር። ተዋናዩ ማታ ያጠናውን ቃል ጠዋት አያገኘውም ማለት ነው። ፈተና ክፍል ገብቶ ወረቀቱ በሌላ ትምህርት እንደተቀየረበት ተማሪ!

ታዲያ ገንዘቡም ሙያውም ካለ ምን ጎደለ? መልሱን ከሁለት ልጆች አገኘነው። ሆስኪንስ በኋላ በቃለ መጠይቅ እንደተናገረው፣ የሚሠራው ፊልም ከጨዋታ የተወሰደ መሆኑን ያወቀው ከልጁ ነው። አባት የዋናውን ሰው ቦታ ይዟል፤ ጨዋታውን የሚያውቀው ግን ልጁ ነው! ሆስኪንስ እ.ኤ.አ. በ2014 እስካረፈ ድረስ ይህን ሥራ ከሠራቸው ሁሉ የከፋ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የሆፐር ደግሞ ይብሳል። የ6 ዓመት ልጁ፣ አባባ ያንን ክፉ ሰው ለምን ተጫወትክ ብሎ ጠየቀው። አባትም ላንተ ጫማ እንድገዛልህ ብዬ ነው ሲል መለሰለት። ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ይህን ያህልስ ጫማ አልቸገረኝም አለው። ኧረ እንዲህ ያለ ሐያሲ የት ይገኛል!

እንግዲህ የኛ ሐሳብ ይህ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ጨዋታውን ናቁት። «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ ትልቅ ሰው እንዲያየው ቁም ነገር እንጨምርበት» አሉ። ቁም ነገሩ ግን ቀድሞም ውስጡ ነበር። እነሱ ታሪኩን ፈለጉ፤ የጨዋታው ሀብት ግን ታሪኩ አይደለም፤ አስተማሪነቱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አስተማሪነቱን እናስረዳ። ጨዋታው ሲከፈት ማሪዮ በግራ በኩል ቆሟል፤ በቀኙ ባዶ ሜዳ አለ። ወዴት ልሂድ ማለት አያስፈልግም፤ ሜዳው ራሱ ይናገራል። ጥቂት እንደሄደ ፊቷን ያኮሳተረች ጉምባ ትመጣበታለች። ካልዘለለ ይሞታል። ቢሞት ምን ቸገረው፤ ገና ብዙ አልሄደምና ወዲያው እንደገና ይጀምራል፤ በሁለተኛው ይዘላል። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ሣጥን ከሥሩ ዘሎ ሲመታው ሳንቲም ይወጣል። ደስ ይለዋል፤ ሌላውንም ይመታል። ከዚያኛው እንጉዳይ ይወጣል። እንጉዳዩ ወደ ቀኝ ሄዶ ከቧንቧው ጋር ይጋጭና ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። ልጁ ጉምባዋን ስለሚያስታውስ ሊሸሽ ይሞክራል፤ ግን ሣጥኖቹ ከላይ ስላሉ ለመዝለል ቢሞክር ተመትቶ ይመለሳል፤ እንጉዳዩም ይነካዋል። ሲነካው ያድጋል! እንጉዳይ ጥሩ፣ ጉምባ መጥፎ፤ ትምህርቱ ገባው። አንድም ቃል አልተነገረም። ሚያሞቶና የሥራ ጓደኛው ታካሺ ተዙካ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳብራሩት፣ ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የሆነ ሳይሆን ታስቦበት የተደረደረ ነው።

ወደ መጨረሻው ግድም ደግሞ በደረጃዎች መሐል ሁለት ክፍተቶች አሉ። በመጀመሪያው ቢወድቁ ከታች ወለል አለ፤ በሁለተኛው ወለል የለም። መጀመሪያ ያለማምዳል፣ ከዚያ ይፈትናል። ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው! መምህሮቻችን በየሳምንቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉልን፣ እኛም በየሳምንቱ ገልብጠን የምንረሳው ይህ አይደለም እንዴ?

ፊልሙስ? ፊልሙ የሚጀምረው ስለ ዳይኖሰሮች ገለጻ በማድረግ ነው። ገለጻ! ያለ ቃል የሚያስተምረውን ጨዋታ ወስደው፣ ሳያስተምር የሚያብራራ ፊልም አደረጉት።

ሂስ የሰጠ ሰው ግለ ሂስም አለበትና አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ከመካከላችን አንዱ (ስሙን አንጠራም፤ ራሱ እያነበበ እየሳቀ ነው) የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ እንዲያስተምር ተመደበ። ርእሱ በሁለት በሁለት መቁጠር ነው። ልጁም ብልህ ነውና ሰኞ ማክሰኞን መረጠ። መሬት ላይ ሣጥን ይሠመራል፣ ቁጥር ይጻፋል፣ ጠጠር ይወረወራል፣ ልጆች በአንድ እግር እየዘለሉ ይቆጥራሉ። ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ሁላችንም አጨበጨብንለት።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ወዳጃችን በመጀመሪያ የዕለቱን ዓላማ አነበበ። ቀጥሎ ጨዋታ ለትምህርት ያለውን ጥቅም አብራራ። ቀጥሎ የሰኞ ማክሰኞን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሰባት ቁጥሮች ዘርዝሮ ጻፈ፤ ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ቀጥሎ በሕጉ ላይ ጥያቄና መልስ አደረገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጠመኔው አልቆ ጠጠሩ ኪሱ ውስጥ ቀርቷል። በመጨረሻ አንዲት የፊት ወንበር ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ መቼ ነው የምንጫወተው?» አለችው። እሱም መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ደወል ተደወለ።

አንባቢ ይፍረደን! ይህ ከዳይኖሰሩ ፊልም በምን ይለያል? የሆፐር ልጅ በጫማ ጠየቀ፤ ይህቺ ልጅ በጠጠር ጠየቀች። ጥያቄው አንድ ነው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። ወዳጃችን ያገኘው ውጤት እኮ ከፍተኛ ነበር። ዓላማው ተጽፏል፣ መግቢያው ተሟልቷል፣ የሰሌዳ አጠቃቀሙ ያምራል፣ ድምፁ ይሰማል፤ የመገምገሚያ ቅጹ ላይ ያሉት ሣጥኖች ሁሉ ተሞሉ። ልጆቹ መዝለል አለመዝለላቸውን የሚጠይቅ ሣጥን ግን ቅጹ ላይ የለም። ስለዚህ የገመገሙትን መምህር አንወቅስም፤ በእጃቸው ያለውን ቅጽ ነው የሞሉት። እኛም ለልጆቹ ሳይሆን ለቅጹ ማስተማርን ለመድን። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ግን ቅጹ አብሮን አይመጣም። ስድሳ ልጅ ነው ፊታችን የሚቀመጠው። ያኔ የሚገመግመን የፊት ወንበሯ ልጅ ናት።

ስለዚህ መምህሮቻችንን በአክብሮት አንድ ነገር እንለምናለን። በመገምገሚያ ቅጹ ላይ አንዲት መስመር ትጨመርልን፤ «ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ እጅ ወይም እግር አንድ ነገር የሠራው በስንተኛው ደቂቃ ነው?» የምትል። ሌላው እንዳለ ይቆይ። ይህች መስመር ብቻ ብትገባ ብዙዎቻችን ገለጻችንን እናሳጥራለን፤ ጠጠሩንም ከኪሳችን እናወጣለን።

ሁለት ተቃውሞ ሊነሣብን እንደሚችል እናውቃለን። አንደኛው፣ «ትምህርት ጨዋታ ብቻ ነው ወይ?» የሚል ነው። አይደለም። ማብራሪያም ያስፈልጋል፤ ግን ልጁ አንዴ ከወደቀ በኋላ ነው የሚጣፍጠው። ያልዘለለ ልጅ ስለ መዝለል ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል? ሁለተኛው፣ «ፊልሙንም አትጨክኑበት፤ የሚወዱት አሉ» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አሉ። በፊታቸው የሄደ ሰው ስላልነበረ መንገድ መሳታቸው ይገባናል። ኒንቴንዶም ያኔ በፊልሙ ሥራ ብዙም እጁን አላስገባም። ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ራሱ ሚያሞቶ በፕሮዲዩሰርነት ገብቶበት በካርቱን ሥዕል እንደገና ተሠራ። ያኔ ማሪዮ ያለ ልዩ ጫማ ዘለለ፤ እንጉዳዩም እንጉዳይ ሆኖ ቀረ፤ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ገንዘብ የጥሩ ሥራ ማረጋገጫ ነው አንልም፤ ሐያስያኑም ሁሉም አልወደዱትም። ልጆቹ ግን «ጨዋታው የታለ?» የሚሉበት ምክንያት አልነበራቸውም።

በጨዋታው ውስጥ ማሪዮ ግንቡን ሰብሮ በገባ ቁጥር፣ ልዕልቲቱ እዚህ የለችም፣ ሌላ ግንብ ውስጥ ናት ይባላል። የ1993ቱ ፊልም ሠሪዎች ብዙ ሚሊዮን አውጥተው የገቡት የተሳሳተው ግንብ ውስጥ ነበር። እኛም አርባ ደቂቃ አውጥተን እዚያው ገብተን አገኘነው። ልዕልቲቱ ያለችው ግቢው ውስጥ፣ በጠመኔ በተሠመረው ሣጥን ላይ፣ በአንድ እግር ቆማ ነው።

ወዳጃችን በሚቀጥለው ወር እንደገና ለልምምድ ይወጣል። ጠጠሩን አሁንም ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ነው። በስንተኛው ደቂቃ እንዳወጣው በሚቀጥለው እትም እናሳውቃችኋለን። የማይስማማ ካለ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ፤ ግድግዳው ሰፊ ነው።