የጠፋው መዝገብና ያልተጻፈው ሜዳልያ፦ የማስረጃው ሸክም በማን ላይ ይውደቅ?

መግቢያ

ወታደር ከሠራዊት ሲሰናበት ከግዳጅ ይዞት የሚመለሰው ብዙ ነው፤ መንግሥት የሚያውቅለት ግን በመዝገብ የሰፈረውን ብቻ ነው። በአሜሪካ ዲዲ 214 በሚል መለያ የሚታወቀው የስንብት ማስረጃ አገልጋዩ መቼ ሠራዊቱን እንደ ተቀላቀለ፣ በምን ማዕረግ እንደ ተሰናበተ፣ የትኞቹን ሜዳልያዎች እንዳገኘ ይዘረዝራል። የሕክምና አገልግሎት፣ የአካል ጉዳት አበልና በቀብር ጊዜ የሚደረገው ወታደራዊ ክብር ሁሉ የሚጠየቁት በዚህ ወረቀት ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ሽልማት፣ ባለቤቱ በደሙ ያገኘው ቢሆን እንኳ፣ በቢሮ ፊት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

እንዲህ ያለው ጉድለት የሚታረምበት ሕጋዊ መንገድ አለ። አከራካሪው የመንገዱ መኖር ሳይሆን ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ መዝገቡ የጠፋው በመንግሥት እጅ ሳለ ከሆነ የመዝገቡን አለመኖር በአመልካቹ ላይ እንደ ማስረጃ መቁጠር ተገቢ አይደለም የሚል ነው።

የ1973ቱ እሳት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1973 (ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.) በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ አቅራቢያ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማእከል እሳት ተነሣ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ የወታደሮች የግል ማኅደሮች ወደሙ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 1912 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር 80 በመቶው፣ ከአየር ኃይል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1964 ከተሰናበቱትና ስማቸው በፊደል ተራ ከተወሰነ ቦታ በኋላ ከሚገኘው ሰዎች ማኅደር 75 በመቶው ጠፋ። የሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና የኮሪያ ጦርነት ዘማቾች በአብዛኛው በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ።

ከእሳቱ ይልቅ የሚያስተምረው ከእሳቱ በፊት የነበረው አያያዝ ነው። ማኅደሮቹ ሁለተኛ ቅጂ አልነበራቸውም፤ በማይክሮፊልም አልተነሡም፤ ማውጫም አልተዘጋጀላቸውም። በተከማቹበት ክፍል ውኃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ አልተገጠመም ነበር። ማውጫ ባለመኖሩ በትክክል የማን ማኅደር እንደ ጠፋ እንኳ በዝርዝር ማወቅ አልተቻለም። የተለበለቡና በውኃ የራሱ 6.5 ሚሊዮን ያህል ማኅደሮች ግን ከፍርስራሹ ወጥተው ደርቀው ተቀምጠዋል።

ከዚያ ወዲህ ማእከሉ የአንድን ሰው አገልግሎት ከሌሎች ሰነዶች እየለቀመ ሲያዋቅር ኖሯል። የደመወዝ መክፈያ ሰነዶች፣ የየክፍሉ የስም ዝርዝሮችና በየዕለቱ ማን እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ ቆሰለ፣ ማን እንደ ተዛወረ የሚመዘግቡት የጧት ሪፖርቶች ለዚህ ሥራ ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ከጦሩ ሕክምና መምሪያ የተገኙ፣ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ የሆስፒታል መግቢያ መረጃዎችን የያዙ የኮምፒውተር ቴፖች ለማእከሉ ተሰጡ። በእነዚህ ቴፖች ላይ የታካሚው ስም የለም፤ የሚገኘው የወታደርነት መለያ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው በጦር ሜዳ መቁሰሉን ሊያረጋግጥበት ይችላል፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ግን መረጃው እያለለት የሌለው ያህል ነው። መረጃ መኖሩ ብቻ በቂ እንዳልሆነ፣ የሚፈልገውና የሚያገናኘው ሰው እንደሚያስፈልገው ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

ሦስት የተለያዩ ጉድለቶች

«ሜዳልያው በመዝገቡ የለም» የሚለው አቤቱታ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን ይይዛል።

የመጀመሪያው፣ ሽልማቱ በደንብ የሚገባ ሆኖ ሳለ ጸሐፊው ሳይጽፈው የቀረ ነው። የዘመቻ ሜዳልያዎች ከዚህ ወገን ናቸው፤ በተወሰነ ስፍራና ጊዜ ማገልገል ብቻውን ያስገኛቸዋል። አንዱ ሽልማት ሌላውን የሚያስከትልበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው ውሳኔ መሠረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእግረኛ ተዋጊ ምልክት ወይም የጦር ሜዳ ሕክምና ምልክት ያገኘ ወታደር የነሐስ ኮከብ ሜዳልያ ይገባዋል። ውሳኔው በወጣበት ጊዜ ግን እጅግ ብዙ ወታደሮች ተሰናብተው ወደየቤታቸው ገብተው ነበር። ከእነርሱ ብዙዎች መብታቸውን ሳያውቁ አርጅተዋል፤ ሳያውቁ የሞቱም ጥቂት አይደሉም።

ሁለተኛው፣ ሽልማቱ በትእዛዝ ተሰጥቶ ትእዛዙ ከግል ማኅደሩ ጋር ያልተያያዘ ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው አዲስ ውሳኔ ሳይሆን አሮጌውን ትእዛዝ ማግኘት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወገኖች፣ ማስረጃው ከተገኘ፣ ዲዲ 215 በተባለው የማረሚያ ቅጽ ይስተካከላሉ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ለጀግንነት ሽልማት የቀረበ ጥቆማ የጠፋበት ወይም ጭራሽ ያልቀረበበት ጉዳይ ነው። የኮሎኔል ፓሪስ ዴቪስ ታሪክ ለዚህ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1965 በቬትናም ለፈጸሙት ገድል ለክብር ሜዳልያ የቀረበላቸው ጥቆማ ጠፋ፤ ዳግመኛ የቀረበውም እንዲሁ ጠፋ። ሜዳልያው በአንገታቸው ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በማርች 2023፣ ወደ 58 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ዴቪስ ጥቁር አሜሪካዊ መኮንን መሆናቸውን ከዚህ ታሪክ ነጥሎ ማየት ይከብዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጥቁር ወታደሮች አንድም የክብር ሜዳልያ አልተሰጠም ነበር፤ ጦሩ ያስጠናው ጥናት መዛግብቱን ከፈተሸ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሰባት ሰዎች ሲሰጥ ከሰባቱ በሕይወት የነበሩት አንድ ብቻ ነበሩ። መዝገብ የዘመኑን ሥራ ብቻ ሳይሆን የዘመኑን አድልዎም ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው።

በአንድ መንግሥት ሁለት ሚዛን

አቤቱታውን የሚመለከቱት የወታደራዊ መዛግብት ማረሚያ ቦርዶች መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አንድን ወታደር ከመዝገብ ስሕተት ለማውጣት ኮንግረስ ለግለሰቡ ልዩ ሕግ ማውጣት ነበረበት። የቦርዶቹ አባላት ሲቪሎች ናቸው፤ ሥልጣናቸውም «ስሕተትን ለማረም ወይም ግፍን ለማስወገድ» በሚል ሰፊ አገላለጽ የተሰጠ ነው። አመልካቹ ስሕተቱን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲያገኘው ግን ቦርዱ ጊዜውን ሊያልፍለት ይችላል።

ሕጉ ሰፊ ነው፤ አሠራሩ ግን ጠባብ ነው። የምድር ጦሩ ቦርድ እያንዳንዱን ጉዳይ የሚጀምረው የመንግሥት ሥራ በደንቡ መሠረት ተከናውኗል ከሚል ግምት ነው። ግምቱን በማስረጃ የማፍረሱ ሸክም የአመልካቹ ነው። ቦርዱ የምርመራ አካል ስላልሆነ በፊቱ በቀረበው ሰነድ ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። መዝገቡ ሙሉ በሆነበት ጊዜ ይህ ምክንያታዊ ነው። መዝገቡ በተቃጠለበት ጊዜ ግን ግምቱ መሠረቱን ያጣል፤ ደንቡ መከበሩን የሚያሳየው ወረቀት ራሱ አመድ ሆኗልና።

የዚያው መንግሥት ሌላ ክንፍ የተለየ ሚዛን ይዟል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዳት አበል ጥያቄን ሲመረምር የሁለቱ ወገን ማስረጃ እኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለአመልካቹ እንዲፈረድ ሕግ ያዝዘዋል። በውጊያ የተሳተፈ ሰው ስለ ደረሰበት ጉዳት የሚሰጠው ቃል ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር የሚጣጣም ከሆነ ኦፊሴላዊ መዝገብ ባይገኝም ይቀበላል። የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1991 በሰጠው ውሳኔ፣ መዛግብቱ በመንግሥት እጅ ሳሉ የጠፉ ከሆነ ውሳኔ ሰጪው ምክንያቱን የማብራራትና ጥርጣሬን ለአመልካቹ የመተው ግዴታው ከፍ እንደሚል አስረድቷል።

ሁለቱ ሚዛኖች የሚጋጩት በንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በጠላት ለቆሰለ ወታደር የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት በሕክምና አገልግሎት ቅድሚያ ያስገኛል፤ የውጊያ ሽልማቶችም ባለቤታቸው በውጊያ መሳተፉን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ሆነው ያገለግላሉ። ስለዚህ በአንደኛው ቢሮ ጥብቅ ሚዛን የተከለከለው ሜዳልያ በሁለተኛው ቢሮ ለዘብ ያለ ሚዛን ሊገኝ የሚችለውን መብት አስቀድሞ ይዘጋል። ሰውየው አንድ ነው፤ ቁስሉም አንድ ነው፤ የጠፋውም መዝገብ አንድ ነው። መልሱ ግን እንደ በሩ ይለያያል።

«ክብር በጥብቅነት ይጠበቃል» የሚለው ተቃውሞ

ለጥብቁ ሚዛን የሚከራከሩ ወገኖች ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። ሽልማት ዋጋ የሚኖረው ላልተገባው ሰው ስለማይሰጥ ነው። ያላገኙትን ሜዳልያ አገኘን የሚሉ ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ሲሆን፣ ኮንግረስም እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን የሚቀጣ ሕግ አውጥቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጉ የመናገር ነጻነትን ይነካል ብሎ ከሻረው በኋላም፣ በቀጣዩ ዓመት በማታለል ጥቅም ማግኘትን ብቻ የሚመለከት ሌላ ሕግ ተተክቷል። ከዚህም ሌላ የሰው ትዝታ በዘመን ብዛት ይደበዝዛል፤ ወዳጅ ለወዳጁ ሲመሰክርም ያጋንናል።

ይህ ተቃውሞ ለሦስተኛው ወገን፣ ማለትም ለጀግንነት ሽልማት፣ ሙሉ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። አንድ ሰው ከግዳጁ በላይ ፈጽሟል ለማለት ያዩ ሰዎች ቃልና የበላይ አለቃ ምዘና የግድ ነው። ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ወገን ግን ተቃውሞው አይሠራም። የዘመቻ ሜዳልያ የሚጠይቀው ሰው ጀግና ነኝ አላለም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ በዚያ ወቅት ነበርሁ ነው ያለው። ይህን የክፍሉ የስም ዝርዝር ያረጋግጠዋል ወይም ያስተባብለዋል። ዝርዝሩም የሚገኘው በመንግሥት መዝገብ ቤት ነው። አመልካቹ ሰነድ እንዲያቀርብ የሚጠየቀው ሰነዱን ከያዘው ከመንግሥት ዘንድ ፈልጎ ነው ማለት ነው።

በጀግንነት ሽልማትም ቢሆን ጥብቅነትና የጊዜ ገደብ አንድ ነገር አይደሉም። ሌተናንት ጋርሊን ኮነር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1945 በፈረንሳይ ለፈጸሙት ገድል የክብር ሜዳልያ እንዲሰጣቸው የቀረበው ጥያቄ በቦርዱ ውድቅ ሆነ፤ ጉዳዩን የያዙት ባለቤታቸው ፍርድ ቤት ሲደርሱም እ.ኤ.አ. በ2014 ጊዜው አልፏል ተባሉ። በመጨረሻ በይግባኝ ደረጃ በተደረገ ሽምግልና ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ተመለሰ፤ ቦርዱም የዓይን ምስክሮችን ቃል መዝኖ ተቀበለው። ሜዳልያው እ.ኤ.አ. በ2018 ለባለቤታቸው ተሰጠ፤ ኮነር ከሞቱ ወደ 20 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ማስረጃው ሲመረመር ከበቃ፣ ያዘገየው የማስረጃው ደካማነት አልነበረም።

የቃኘው ሻለቆችና የመዝገብ ጥናት

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን በቀጥታ የሚነካበት አንድ በር አለ። ከ1943 ዓ.ም. አንሥቶ ወደ ኮሪያ የተላኩት የቃኘው ሻለቆች የተሰለፉት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነበር። ስለዚህ የሬጅመንቱና የክፍለ ጦሩ የውጊያ ሪፖርቶች የአሜሪካውያኑን ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያውያኑንም ውሎ ይነካሉ። የግል ማኅደሮች በሚዙሪ ሲቃጠሉ የክፍሎች የውጊያ ሪፖርቶች ግን በሌላ መዝገብ ቤት ተርፈዋል።

የኮሪያ ዘማቾች በአገራቸው የገጠማቸው ሌላ ዓይነት የመዘንጋት ዕጣ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መንግሥቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ በደቡብ ኮሪያ በኩል መዝመት በአደባባይ የሚነገር ክብር መሆኑ ቀረ። በዚያ እሳት መዝገቡ ጠፋ፤ በዚህ ደግሞ መዝገቡ የሚናገረውን የሚሰማ ጠፋ። የክፍል ሪፖርቶችን ከግለሰቦች ስምና ከቃል ታሪክ ጋር እያስተያዩ የማጥናት ዘዴ ለሁለቱም ጉዳዮች ያገለግላል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም፣ የመጨረሻዎቹ ዘማቾች በሕይወት ሳሉ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ይህ ነው።

ማጠቃለያ

የቀረበው ክርክር ወደ ሦስት የማሻሻያ ሐሳቦች ያመራል። አንደኛ፣ የግል ማኅደሩ በ1973 እሳት መጥፋቱ የተረጋገጠለት አመልካች ሲመጣ ሥራ በደንቡ ተከናውኗል የሚለው ግምት ሊነሣና በአበል ጥያቄዎች የሚሠራበት ጥርጣሬን ለአመልካቹ የመተው መርሕ ሊተካ ይገባል፤ ይህም በደንብ ለሚገቡ ሽልማቶችና ትእዛዛቸው ለጠፋ ሽልማቶች ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ በእነዚህ ጉዳዮች የጧት ሪፖርቶችን፣ የስም ዝርዝሮችንና የሆስፒታል መረጃዎችን የመፈለጉ ግዴታ መዛግብቱን ወደያዘው መንግሥት ይዛወር። ሦስተኛ፣ የሦስት ዓመቱ ገደብ በቦርዱ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በሕግ ይነሣላቸው።

እነዚህ ለውጦች ለማንም ያልተገባውን ክብር አይሰጡም። የጀግንነት ሽልማት እንደ ጥንቱ በምስክርና በምዘና ይሰጥ። የሚለወጠው ፈላጊውና ተፈላጊው ነው፤ እስከ ዛሬ ዘጠና ዓመት የተጠጋው ሽማግሌ ወይም መበለቲቱ የመንግሥትን መዝገብ ሲፈልጉ ኖረዋል። ማኅደሩን በአደራ ተረክቦ ያጠፋው ወገን ፍለጋውን ቢረከብ፣ የሚከፍለው ዋጋ ከሰውየው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የጸሐፊዎች የሥራ ሰዓት ብቻ ነው።